የኋላ አሞርዛተር ስንት ይነፋል? ለወሎ ዳገትና ቁልቁለት ብስክሌት ማዘጋጀት

“ስንት ልንፋው?” ይሉኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የኋላ አሞርዛተር (የመንገዱን ምት የሚያበርድ ዕቃ) ያለው የተራራ ብስክሌት በቅርቡ እጁ የገባ ሰው ነው፤ ከእኔ የሚፈልገውም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ብነግረው አመስግኖኝ ይሄዳል። ነገር ግን የምነግረው የራሴን ቁጥር ነው፤ የእኔ ቁጥር ለእሱ እንደ እኔ ጫማ ነው፣ ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል።

ይህን የተማርሁት በራሴ ወገብ ነው። ብስክሌቱን የላከችልኝ ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል ብረት) ላይ በነጭ ፕላስተር “110” ብላ ጽፋበት ነበር። እኔም ባለቤቱ ያለው ይሁን ብዬ አሞርዛተሩን በዚያው ልክ ነፋሁና ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ ከተማ ለመውረድ ወጣሁ። የመጀመሪያው እርከን ላይ ከሥሬ “ጓ!” አለ። ሁለተኛው ላይ ደገመው። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውሁት። ከታች ደርሼ ሳይ አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት እስከ መጨረሻው ጥግ ተገፍታ ተለጥፋለች፤ ማለትም አሞርዛተሩ ያለውን ጉዞ በሙሉ ጨርሶ ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው የወረድሁት። በማግስቱ በንዴት እስከ 230 ነፋሁት። አሁን ደግሞ የኋላ ጎማው በየድንጋዩ እየተራገጠ ከኮርቻው ወደ መሪው ይወረውረኝ ጀመር። ሰጋር በቅሎ ስመኝ ያልተገራ ውርንጭላ ላይ ተቀመጥሁ።

ሁለቱም ቁጥሮች ስህተት የሆኑት ለእኔ ነው። ትክክለኛው እንዴት እንደሚገኝ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይወስድባችኋል፤ ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት፦ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?

አየር የሚነፋው አሞርዛተር እንደ መኪናው የብረት ጥቅል የለውም። ክብደታችሁን የሚሸከመው በአንድ ጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ የታመቀ አየር ነው። የድንጋዩን ምት የሚያበርደውና አሞርዛተሩ ተመልሶ ሲነሳ እንዳይፈናጠር የሚይዘው ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ዘይት ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፦ አየሩ ይሸከማል፣ ዘይቱ ያረጋጋል። መጀመሪያ አየሩን ጨርሱ፤ ከዚያ ወደ ዘይቱ ማዞሪያዎች ሂዱ። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ቀኑን ሙሉ ማዞሪያ ሲያሽከረክር ይውላል።

“የብስክሌት ጎማ 25 ወይም 30 ፒኤስአይ ይበቃዋል፤ ይህች ትንሽ ቆርቆሮ ለምን 150 እና 200 ትፈልጋለች?” ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። መልሱን ድንጋይ በድጅኖ የፈነቀለ ሁሉ ያውቀዋል። የኋላው ጎማ 130 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሲጓዝ አሞርዛተሩ የሚታመቀው 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ጎማው በረጅሙ የድጅኖ ጫፍ ላይ ነው፣ አሞርዛተሩ ደግሞ በአጭሩ። ስለዚህ እናንተ ጎማው ላይ የምታሳርፉት ክብደት አሞርዛተሩ ዘንድ ሲደርስ በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ አድጎ ነው። ይህ እጥፍ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች በሁለት የተለያዩ ብስክሌቶች ላይ 40 ፒኤስአይ ቢለያዩ አይግረማችሁ።

መሣሪያው

የሚያስፈልገው የአሞርዛተር መንፊያ ነው። እንደ መርፌ ቀጠን ያለ፣ በአንድ ግፊት ጥቂት አየር ብቻ የሚያስገባ፣ እስከ 300 ፒኤስአይ የሚደርስ፣ መለኪያ ያለው፣ ቱቦው ጫፍ ላይ በጥርስ የሚታሰር ነው። አየር ማስወጫ ትንሽ ቁልፍም አለው። የተለመደው የጎማ መንፊያ አይሠራም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከጫማና ከሽቶ በፊት ይህን አስመጡ።

ጎሚስታ ዘንድ መሄድ አያዋጣም። ቫልቩ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የኮምፕረሰሩ አፍ ልክ ይገባል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። እኔም አንድ ቀን ሄጃለሁ። “ጋሼ፣ ወደ 170 ላድርሰው ብዬ ነበር” አልኋቸው። “አብሽር ልጄ፣ ይህቺ ለእኛ ምን አላት” ብለው አፉን ደገኑበት። አንድ ትንፋሽ ተሰማ። ወዲያው የብስክሌቱ የኋላ ክፍል ቁጭ አለ። የብዙዎቹ ኮምፕረሰሮች ግፊት ከ8 እስከ 10 ባር ነው፤ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ ጣራው 145 ነው። አሞርዛተሩ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ካለ አየሩ የሚሄደው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። አየር ልንሞላ ሄደን አስረክበን ተመለስን። አሞርዛተሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ቆርቆሮዋ ጠባብ ስለሆነች በአንድ ሰከንድ የገባውን አየር ማንም አይለካውም።

ከመንፊያው ሌላ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ የተማሪ ማስመሪያ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ እስክሪብቶና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ረዳት ከሌለ ግድግዳ።

አንደኛ፦ ከነትጥቃችሁ ተመዘኑ

ደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። የራስ ቁር አድርጌ፣ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ይዤ ወጣሁበት። ልጁ ሽቅብ አየኝና “ጋሼ፣ ቦርሳውን አያወርዱትም እንዴ?” አለኝ። አላወርድም። ቁልቁል የምወርደው ከቦርሳዬ ጋር ነውና። ባዶዬን 68 ኪሎ ነኝ፣ ከነትጥቄ 74። ስድስት ኪሎ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ አሞርዛተሩ ግን በደንብ ያውቀዋል።

ኪሎውን በ2.2 አባዙት። ክብደታችሁ በፓውንድ ይመጣል፤ ያንን ቁጥር እንደ መነሻ ፒኤስአይ ያዙት። የእኔ 74 ሲባዛ 163 ገደማ ይሆናል። አስታውሱ፣ ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። አምራቹ ለብስክሌቱ ሞዴል ያወጣው ሰንጠረዥ ካላችሁ ደግሞ ከዚህ ስሌት ይልቅ እሱን አስቀድሙ። (ይህን ስሌት የሠራሁ ቀን ነው 110 የማን ቁጥር እንደሆነ የገባኝ። የአክስቴ ልጅ 50 ኪሎ ናት።)

ሁለተኛ፦ የአሞርዛተሩን ጉዞ እወቁ

አሞርዛተሩ ወይም ተለጣፊው ላይ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው እንደ ተጻፉ ፈልጉ፦ 210 × 55፣ 190 × 45፣ 200 × 57 የመሳሰሉት። የመጀመሪያው ከብሎን እስከ ብሎን ያለው ርዝመት ነው፣ ለዛሬው ሥራ አያስፈልግም። ሁለተኛው በሚሊ ሜትር የሚታመቅበት ርቀት ነው፤ እሱን ጻፉት። ተለጣፊው ተልጦ ከሆነ አየሩን በጣም ቀስ እያላችሁ ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ ኮርቻውን ተጭናችሁ እስከ መጨረሻው አስምጡት፣ ቀለበቷ የተገፋችበትን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። አየር በሌለበት ግን አትንዱት፣ አንድ ሜትርም ቢሆን።

እግረ መንገዳችሁን የተፈቀደውን ከፍተኛ ግፊት እዚያው ላይ አንብቡ። እንደ አሠራሩ 300፣ 325 ወይም 350 የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ አይነፋም።

ሦስተኛ፦ ንፉ፣ ግን እያረፋችሁ

የቫልቩን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በክረምት ዋልካ፣ በበጋ አቧራ እዚያ ጥግ ይሰበሰባል፤ ክዳኑን ስትፈቱ ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ የአሸዋ ፍሬ ቫልቩን ለወራት ሲያስተነፍስ ይኖራል። ክዳኗን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ሣር ላይ ከወደቀች አለቀላት።

በአሞርዛተሩ ላይ ሰማያዊ ማንሻ ወይም ማዞሪያ ካለ ወደ ክፍት መልሱት። ይህ ዳገት ላይ አሞርዛተሩን የሚያጠብቀው ነው፤ ተዘግቶ እያለ የሚለካ ሁሉ ሐሰት ይናገራል።

የመንፊያውን አፍ በእጅ ብቻ እሰሩ። መለኪያው ቁጥር ማሳየት ሲጀምር ግማሽ ዙር ጨምሩና አቁሙ። በኪያቤ (በብሎን መፍቻ) የሚያጠብቅ ሰው አይቻለሁ፤ የቫልቩን ጥርስ ጨረሰው።

አሁን እስከ 50 ንፉና አቁሙ። ኮርቻውን ወደ ታች ተጭናችሁ አሞርዛተሩን ከጉዞው ሩብ ያህል ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከ10 እስከ 20 ጊዜ አስምጡና መልሱ። ከዚያ ወደ 100። እንደገና አስምጡ። ከዚያ ወደ መነሻችሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አስምጡ።

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል፤ ብዙው ቅሬታም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ከፒስተኑ ፊትና ኋላ ሁለት የአየር ክፍሎች አሉ። በቫልቩ የምታስገቡት አየር የሚደርሰው ለአንደኛው ብቻ ነው፤ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው ፒስተኑ በጉዞው መጀመሪያ አካባቢ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲያልፍ ነው። ቀስ ብላችሁ ስታስምጡት “ጽስ” የሚል ደቃቅ ድምፅ ከሰማችሁ አየሩ እየተሻገረ ነው። መለኪያውን ስታዩ ቁጥሩ ወርዷል፤ አልፈሰሰም፣ ተካፍሎ ነው። እስኪደርስ ሙሉት። ሁለቱ ክፍሎች ሳይመጣጠኑ የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ላይ ደረቅ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የለሰለሰ አሞርዛተር ይገጥመዋል፤ ከዚያ “ይህ ዕቃ ጸባይ የለውም” ይላል።

መንፊያውን ስትፈቱ ደግሞ ሌላ “ጽስ!” አለ፣ ጠንከር ያለ። አትደንግጡ። የወጣው ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ነው፣ ቫልቩ አስቀድሞ ተዘግቷል። መልሳችሁ ብታስሩት መለኪያው ቀድሞ ከነበረው 10 ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ያሳያችኋል፤ ባዶ የነበረው ቱቦ የሚሞላው ከአሞርዛተሩ ሆድ ነውና። “ፈሰሰብኝ” ብሎ ደጋግሞ እያሰረና እየፈታ ሲፈትሽ የዋለ ሰው በእያንዳንዱ ፍተሻ ራሱ ያፈስሰዋል።

አራተኛ፦ ዝቅታውን ለኩ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ፈረንጆቹ ብስክሌት ነጂዎች ይህን ነገር ሳግ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ሳግ የለቀስተኛ ስለሆነ እኔ ዝቅታ እለዋለሁ። ዝቅታ ማለት ዝም ብላችሁ ስትቀመጡበት አሞርዛተሩ በክብደታችሁ ብቻ የሚሰምጠው ርቀት ነው። ለምን ይሰምጣል? ጎማው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መሄድ ስላለበት። ጉድጓድ ሲያጋጥም ጎማው ወርዶ መሬቱን መያዝ አለበት፤ ዝቅታ ከሌለ የሚወርድበት ቦታ የለውም፣ ጉድጓዱን በአየር ላይ ይሻገራል። 230 ነፍቼ የተራገጠኝም በዚህ ምክንያት ነበር።

ብስክሌቱን ከግድግዳ አጠገብ አቁሙ፣ ወይም ረዳታችሁ መሪውን ፊት ለፊት ቆሞ ይያዝ። ከነትጥቃችሁ ውጡ። ፔዳሎቹን አግድም አድርጋችሁ ሁለቱንም እግር ጫኑ፣ ኮርቻው ላይ እንደ ሁልጊዜው ተቀመጡ። ፍሬን አትያዙ፣ የኋላ ፍሬን ሲያዝ አሞርዛተሩን ሊያስቸግረው ይችላልና። ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ነቅነቅ በሉና ርጉ። አሁን ረዳታችሁ የጎማ ቀለበቷን ገፍቶ ዘንጉ ወደ ቆርቆሮው ከሚገባበት አፍ ጋር ያጣብቃት። ከዚያ ሕፃን ከተኛበት አልጋ ላይ እንደሚነሳ ሰው ሳትነቀንቁ ውረዱ። ዘላችሁ ከወረዳችሁ ቀለበቷ ተጨማሪ ትገፋለችና እንደገና ጀምሩ።

ከአፉ እስከ ቀለበቷ ያለውን በማስመሪያ ለኩ። ለጉዞው አካፍሉት፤ የሚመጣው ዝቅታው ከጉዞው ስንት በመቶ እንደሆነ ነው።

ለወሎ መንገድ የእኔ ምክር 30 በመቶ ነው። በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ላይ ዳገት መውጣት የሚያበዛ፣ ለምሳሌ ከደሴ ሐይቅ ከተማ የሚመላለስ ሰው 25 ላይ ቢቆም ይመቸዋል። ቁልቁለት ብቻ የሚወድ፣ ከባድ ብስክሌት ያለው እስከ 35 ሊሄድ ይችላል። ስሌት ለማይወድ 30 በመቶው ይኸውና፦ ጉዞው 45 ከሆነ 13.5 ሚሊ ሜትር፣ 50 ከሆነ 15፣ 55 ከሆነ 16.5፣ 57 ከሆነ 17፣ 65 ከሆነ 19.5።

አምስተኛ፦ በአምስት በአምስት አስተካክሉ

የእኔ ጉዞ 55 ነው፤ የምፈልገው 16.5 ሚሊ ሜትር። በ163 ስለካ 18 መጣ፣ በዛ። አምስት ጨመርሁ፣ 168 ላይ 17 ተኩል ሆነ። 175 ላይ 16 ተኩልና 17 መካከል ቆመ። እዚያ አቆምሁ። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያሳድድ ሰው ሥራ የለውም፤ ምሳ ሲበላ እንኳ ይለወጣል።

ዝቅታው ከበዛ አየር ጨምሩ፣ ካነሰ ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አሞርዛተሩን አሥር ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስምጡና ሁለቱን ክፍሎች አመጣጥኑ። ስትቀንሱ የማስወጫውን ቁልፍ በአጭር በአጭሩ ነካ ነካ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ለቅቆ ማስወጣት አንደኛውን ክፍል ባዶ አድርጎ ሁለተኛውን ሙሉ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ አሞርዛተሩ በራሱ ወደ ውስጥ ተስቦ ይቀራል።

የክራር ተጫዋች አንዱን ጅማት ሲያጠብቅ ሌሎቹን መልሶ እንደሚነካካ ሁሉ፣ የኋላውን ስትነኩ የፊቱንም ተመልከቱ። ለፊት አሞርዛተር ከ15 እስከ 20 በመቶ ይበቃል፤ አለካኩ ያው ነው፣ የሚነፋው ግን ከኋላው በጣም ባነሰ ግፊት ነው። የኋላው በጣም ዝቅ ብሎ የፊቱ ከቀና፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ስትወጡ የፊት ጎማው ከመሬት እየተነሳ መሪው ይቅበዘበዛል።

ስድስተኛ፦ ቀዩ ማዞሪያ

ቀዩ ማዞሪያ አሞርዛተሩ ከሰመጠ በኋላ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነሳ ይወስናል። ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል ኤሊ፣ በሌላው ጥንቸል ተስሎበታል፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የፋብሪካ ሥዕል አላየሁም። ወደ ኤሊዋ እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ከዚያ እየቆጠራችሁ ወደ ጥንቸሏ መልሱ። እያንዳንዱ “ቀጭ” አንድ ነው። ካለው ጠቅላላ ቁጥር መካከል ላይ ጀምሩ። ብዙ አየር የነፋ ከባድ ሰው ወደ ኤሊዋ፣ ቀላል ሰው ወደ ጥንቸሏ ያዘነብላል፤ የበለጠ የታመቀ አየር በበለጠ ኃይል ስለሚመልስ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው፦ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ። ኮርቻው ላይ እንደ ተቀመጣችሁ በዝግታ ውረዱበት። የኋላው ሰምጦ አንድ ጊዜ ከተነሳና ከረጋ መልካም ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ካወዛወዛችሁ ፈጥኗል፣ ወደ ኤሊዋ አንድ ወይም ሁለት ቀጭ። አሞርዛተሩ ከልክ በላይ ሲዘገይ የሚመጣው ስህተት ግን በአንድ ጠርዝ አይታወቅም። እሱን የሚያጋልጠው የጦሳ እርከን ወይም የከተማው ኮብልስቶን ነው፤ ምቶቹ በተከታታይ ሲመጡ አሞርዛተሩ ካለፈው ሳይነሳ ቀጣዩ ይደርስበታል፣ እየሰመጠ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው “ደርቋል” ብሎ አየር ይቀንሳል። መድኃኒቱ ግን አየር ሳይሆን ወደ ጥንቸሏ ሁለት ቀጭ ነው።

ሰባተኛ፦ መንገዱ ይፍረድ

ቀለበቷን አፉ ላይ መልሱና ሁልጊዜ የምትወርዱበትን አንድ የታወቀ ቁልቁለት ውረዱ። እኔ ከጦሳ ወደ ከተማው የሚወርደውን የአህያ መንገድ እጠቀማለሁ፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ ስለማውቀው በመንገዱ አላሳብብም። ከታች ስትደርሱ ቀለበቷ የት እንዳለች እዩ። የቁልቁለቱ ክፉው ቦታ ላይ ብቻ ጫፍ ደርሳ ከሆነ ልክ ናችሁ። ሙሉ ጉዞውን አንድ ጊዜም ያልተጠቀመ አሞርዛተር ከልክ በላይ ተነፍቷል። በየጉድጓዱ ጫፍ የሚደርስ ደግሞ ዝቅታው ትክክል ሆኖ እያለም ቢሆን መፍትሔ አለው፦ ቆርቆሮው ውስጥ የሚገቡ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች አሉ፤ የአየሩን ቦታ ያጠብባሉ፣ አሞርዛተሩ መጀመሪያ ላይ እንዳለ ሆኖ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል። ይህ ግን ቆርቆሮውን መክፈት ስለሚጠይቅ አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳያስወጣ የሚሞክር ሰው ፊቱን ያጣል። የማያውቅ አይንካው።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፦ ከፍታውና ሙቀቱ

“ደሴ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ስንወርድ ግፊቱ አይለወጥም?” የሚል ጥያቄ ከአንድ የፊዚክስ መምህር ደርሶኛል። ይለወጣል፣ ግን ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚለውጠው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው። በእነዚህ መካከል ያለው የውጭ አየር ግፊት ልዩነት አንድ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም፤ በ175 ላይ ማንም ቂጥ አይለየውም።

ሙቀት ግን ሌላ ነው። በጥር ማለዳ 8 ዲግሪ ላይ ደሴ የነፋችሁት 175፣ እኩለ ቀን ላይ ባቲ 32 ዲግሪ ውስጥ ሲደርስ ወደ 190 ይጠጋል። የታሸገ አየር ሲሞቅ መሄጃ ስለሌለው ነው። ለሰኞ ገበያ ባቲ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ እዚያ ደርሳችሁ፣ ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁት ዝቅታውን እንደገና ለኩ። ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ብስክሌት፣ ወይም ገና ከረጅም ቁልቁለት የወረደ፣ አይለካም፤ እጃችሁን ቆርቆሮው ላይ አድርጉ፣ ከሞቀ ጠብቁ።

የሚያፈስና የማይነሳ

በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በሁለት ሳምንት፣ መለኪያውን እሰሩ። ቱቦው የሚወስደውን አስባችሁ ካለፈው ጋር አስተያዩ። በአንድ ሌሊት 20 እና 30 የሚወርድ ከሆነ የሳሙና አረፋ ቫልቩ ላይና ዘንጉ በሚገባበት አፍ ዙሪያ ቀቡ። አረፋው ከቫልቩ ከፈላ የቫልቩን ልብ ማጥበቅ ወይም መለወጥ ነው፤ የመኪና ጎማ ቫልቭ መፍቻ ያለው ጎሚስታ በዚህ ይረዳችኋል፣ በዚህስ አልሰስትባቸውም፤ አየሩን ግን አስቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ከአፉ ከፈላ ግን አየሩን የሚያሽጉት የአሞርዛተሩ የውስጥ የጎማ ቀለበቶች አልቀዋል፣ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ዘንጉ ላይ ዘይት ካያችሁ ደግሞ ጥፋቱ ከአየሩ ክፍል አልፏል፤ አትንዱት።

አሞርዛተሩ ሰምጦ አልነሳ ካለ፣ ውስጡ በተሳሳተው ክፍል ብዙ አየር ታምቋል ማለት ነው። መጀመሪያ እስከተፈቀደው ጣራ ሳታልፉ አየር ጨምሩበትና ብስክሌቱን በኮርቻና በኋላ ጎማ ይዛችሁ ወደ ውጭ ሳቡት። ካልተነሳ ተዉት። ቆርቆሮውን ለመፍታት ኪያቤ አታንሡ፤ ያ ቆርቆሮ በዚያ ሁኔታ ሲፈታ እንደ ጥይት ይወጣል። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው እስኪደርስ ድረስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት።

የእኔ ብስክሌት ላይ የአክስቴ ልጅ ፕላስተር አሁንም አለ። ከ110 በታች በእኔ እጅ እንዲህ ይላል፦ “74 ኪሎ ከነውሃ፣ 175፣ ዝቅታ 16.5፣ ከኤሊ 6 ቀጭ፣ ደሴ ጠዋት።” ባለፈው ወር ሦስተኛ መስመር ተጨምሯል፤ የጎረቤቴ ልጅ ተውሶኝ ነበርና፣ እሱ 59 ነው።